የሌሊቱን ምስክር ማን ሰማው? በእንቅልፍ ላይ የሚቋረጥ ትንፋሽ በሐኪሞች ዘንድ እስኪታመን ያለፈው ረጅም መንገድ



ይህን ጽሑፍ እንድናዘጋጅ ያነሣሣን የአንድ የሥራ ባልደረባችን ጉዳይ ነው። እኒህ መምህር በዕውቀታቸውም ሆነ በጠባያቸው የተመሰገኑ ናቸው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ግን በመምህራን ስብሰባ ላይ ያንቀላፉ ጀመር። የተማሪዎችን ደብተር ሲያርሙ ቀዩ እስክሪብቶ በእጃቸው እንዳለ ራሳቸው ወደ ጠረጴዛው ያዘነብላል። እኛም ባልደረቦቻቸው፣ እውነቱን ለመናገር፣ «ጋሼ፣ ሌሊቱን ምን ሲሠሩ አደሩ?» እያልን ሳቅንባቸው እንጂ ታመው ይሆናል ብለን አላሰብንም።

እርሳቸው ግን ሦስት ጊዜ ሐኪም ዘንድ ሄደው ነበር። አንደኛው ሐኪም «ደም ማነስ ነው» ብሎ ክኒን ሰጣቸው። ሁለተኛው «አሳብ አያብዙ» አላቸው። በሦስተኛው ጊዜ ባለቤታቸው አብረው ገብተው፣ «ዶክተር፣ ሌሊት ሲያንኮራፉ ቆይተው ድንገት ጸጥ ይላሉ። ትንፋሻቸው ይጠፋል። የሞቱ እየመሰለኝ እየወዘወዝሁ እቀሰቅሳቸዋለሁ» ብለው ቢናገሩ፣ ሐኪሙ ፈገግ አለና «እናቴ፣ ማንኮራፋት እኮ ጥሩ እንቅልፍ የመተኛት ምልክት ነው» ብሎ ሸኛቸው።

የሐኪሞቹንም ሆነ የሕክምና ቤቶቹን ስም ማንሣት አንፈልግም። የሕመሙን ታሪክ ባጠናን ጊዜ ጥፋቱ የእነርሱ ብቻ አለመሆኑን ተረድተናልና። በባልደረባችን ላይ የደረሰው ነገር ከመቶ ዓመት በላይ በብዙ አገሮች ሲደጋገም የኖረ ነው። ታሪኩ ለመምህራንም ለተማሪዎችም ትምህርት ይሰጣል ብለን ስላመንን እነሆ አቅርበነዋል። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናሳስባለን።

ሕመሙ ምንድን ነው?

ሕመሙ «ስሊፕ አፕኒያ» ይባላል። «አፕኒያ» መሠረቱ የግሪክ ቋንቋ ሲሆን «ያለ ትንፋሽ መሆን» ማለት ነው። እኛም በዚህ ጽሑፍ «የእንቅልፍ ትንፋሽ መቋረጥ» እያልን እንጠራዋለን።

እንደሚታወቀው ከማንቁርት በታች ያለው የመተንፈሻ ቧንቧ የቀለበት ቅርጽ ባላቸው ልም አጥንቶች የተደገፈ ስለሆነ በቀላሉ አይደፈንም። ከምላስ ሥርና ከላንቃ በስተኋላ ያለው የጉሮሮ ክፍል ግን እንዲህ ያለ ድጋፍ የለውም። ክፍት ሆኖ የሚቆየው በዙሪያው ባሉት ጡንቻዎች ጥንካሬ ነው። እንቅልፍ ሲወስደን ደግሞ እነዚህ ጡንቻዎች ይላላሉ። በተፈጥሮው ጉሮሮው የጠበበ፣ በአንገቱ ዙሪያ ስብ የበዛበት፣ ቶንሲሉ ያበጠ ወይም መንጋጋው ወደ ኋላ የገባ ሰው ሲተኛ የአየሩ መንገድ ይጠባል። አየሩ በጠባቡ መንገድ ሲያልፍ ሥጋውን ያርገበግበዋል፤ ማንኮራፋት ማለት ይኸው ነው። መንገዱ ጨርሶ ሲደፈን ድምፁ ይጠፋል። ደረትና ሆድ አየር ለመሳብ ይታገላሉ፤ አየር ግን አይገባም። በደም ውስጥ ያለው ኦክሲጅን ይቀንሳል። በመጨረሻ አንጎል ለጥቂት ሰኮንዶች ይነቃል፣ ጡንቻዎቹ ይጠነክራሉ፣ ተኚው በኃይል አንኮራፍቶ ይተነፍስና ወዲያው መልሶ ይተኛል።

ይህ ትግል በአንድ ሌሊት በመቶ ለሚቆጠር ጊዜ ሊደጋገም ይችላል። ሕመምተኛው ግን ጧት ሲነሣ አንዱንም አያስታውስም። የሚያውቀው ነገር ቢኖር ሌሊቱን ሙሉ ተኝቶ ሳለ እንዳልተኛ ሰው መድከሙን፣ ራሱን ማመሙንና ቀን ማንቀላፋቱን ነው።

ከዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ሕመሙ የሚነሣው ሕመምተኛው ራሱን በማያውቅበት ሰዓት ነው። ሐኪም ፊት የሚቀርበው ደግሞ ነቅቶ ነው። ያን ጊዜ ትንፋሹ ደኅና፣ ሳንባውም ንጹሕ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሕመሙን ያየው ምስክር አንድ ብቻ ነው፤ ይኸውም አጠገቡ ነቅቶ ያደረ ሰው ነው። በእኛ አስተያየት የዚህ ሕመም ታሪክ የሌሊቱ ምስክር ቃል መቼ እንደ ተሰማና መቼ ሳይሰማ እንደ ቀረ የሚያሳይ ታሪክ ነው።

በመጀመሪያ ያየው ደራሲ ነበር

እንግሊዛዊው ደራሲ ቻርልስ ዲክንስ ገና የ24 ዓመት ወጣት ሳለ በ1836 ዓ.ም. ስለ ሚስተር ፒክዊክና ስለ ጓደኞቹ ጉዞ የሚተርክ ልቦለድ በየወሩ በክፍል በክፍል ማሳተም ጀመረ፤ በ1837ም ፈጸመው። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ጆ የሚባል እጅግ የወፈረ ልጅ አሽከር አለ። ጆ በሄደበት ሁሉ ያንቀላፋል። ጌታው እየጮኸ ይቀሰቅሰዋል፤ እርሱ ግን ጥቂት ቆይቶ መልሶ ይተኛል። አንድ ቀን ወደ አንድ የሕግ ጠበቃ ቢሮ ተልኮ በሩን ያለማቋረጥ ይደበድባል። የቢሮው ጸሐፊ ደንግጦ በሩን ቢከፍት ልጁ ዓይኑን ጨፍኖ ቆሟል። ለምን እንዲህ እንደሚደበድብ ሲጠየቅም፣ እንቅልፍ እንዳይወስደው በሩ እስኪከፈት ድረስ ማንኳኳቱን እንዳያቋርጥ ጌታው ያዘዘው መሆኑን ይናገራል።

ዲክንስ ሐኪም አልነበረም፤ ሆኖም ሰውን አስተውሎ ማየት ያውቅ ነበር። ያየውንም በትክክል ጻፈው። ይሁን እንጂ የጆ ታሪክ ሳያስበው ሁለት ጉዳት ያመጣ ይመስለናል። አንደኛ፣ ቀን የሚያንቀላፋ ሰው የሚሳቅበት እንጂ የሚታከም አለመሆኑን አንባቢ ለመደ። ሁለተኛ፣ ሕመሙ የወፍራም ሰው ብቻ ነው የሚል አሳብ በሐኪሞች አእምሮ ውስጥ ተተከለ። የሁለቱንም ውጤት ወደ ፊት እናያለን።

ዶሮ ነጋዴውና የሌሊት ተረኛዋ ነርስ

ከአርባ ዓመት በኋላ፣ በ1877፣ ዊልያም ብሮድቤንት የተባለ የለንደን ሐኪም ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ባወጣው ጽሑፍ፣ በተለይ በዕድሜ የገፋ ሰው በጀርባው ተኝቶ በኃይል ሲያንኮራፋ አንዳንድ ጊዜ ደረቱ እየተንቀሳቀሰ አየር ሳይገባ እንደሚቆይ፣ ከዚያም በታላቅ ድምፅ ትንፋሽ እንደሚመለስ ገልጾ ነበር። ነገሩን ግን እንደ ራሱ የቆመ ሕመም አልቆጠረውም።

ከዚህ ይበልጥ የሚያስደንቀው በ1889 የተጻፈው ታሪክ ነው። ሪቻርድ ኬተን የሊቨርፑል ከተማ ሐኪም ነበር። በሕመምተኛነት የቀረበለት የ37 ዓመት የዶሮና የዳክዬ ነጋዴ ነው። ይህ ሰው በሱቁ ቆሞ ደንበኛ ሲያስተናግድ እንቅልፍ ይወስደዋል። ሩብ ሰዓት ያህል ቆይቶ ሲነቃ ሊሸጠው የያዘው ዳክዬ በእጁ እንዳለ ነው፤ ገዢው ግን ሄዷል። ኬተን ሰውዬውን ሆስፒታል አስተኝቶ ሌሊቱን አስጠበቀው። ሲተኛም ጉሮሮው እንደሚዘጋ፣ ደረቱና ሆዱ በከንቱ እንደሚታገሉ፣ ቆዳው እየጠቆረ እንደሚሄድ፣ ተመልካች ሰው ሊሞት ነው ብሎ ሲደነግጥ ጉሮሮው ተከፍቶ ትንፋሹ እንደሚመለስ መዘገበ። የሌሊት ተረኛዋ ነርስም ይህ ሁሉ ሌሊቱን ሙሉ እንደሚደጋገም መሰከረች። ሕመምተኛው ግን አይነቃም፤ የደረሰበትንም አያውቅም።

እንግዲህ በ1889 ነገሩ ሁሉ ተጽፎ ነበር ማለት ይቻላል። ታዲያ ለምን ተረሳ? ኬተን ጉዳዩን ለለንደን ሐኪሞች ማኅበር ባቀረበ ጊዜ የስብሰባው ሊቀ መንበር ክሪስቶፈር ሂዝ ሰውዬውን ከዲክንስ ወፍራም ልጅ ጋር አመሳሰለው። ከዚህም በላይ «ናርኮሌፕሲ» የሚለው ስም በ1880 በፈረንሳዊው ሐኪም ዤሊኖ ወጥቶ ስለ ነበር ኬተን ራሱ ሕመሙን በዚሁ ስም ጠራው። ናርኮሌፕሲ ከአንጎል የሚመነጭ ሌላ የእንቅልፍ ሕመም ነው። ሐኪም ለአንድ ነገር ስም ካገኘለት ምርመራው ያለቀ ይመስለዋል። ነርሷ ያየችው የጉሮሮ መዘጋትም በስሙ ተሸፍኖ ቀረ።

ሐኪሙ በቀን፣ ሕመሙ በሌሊት

ይኸው ሪቻርድ ኬተን በ1875 በእንስሳት አንጎል ላይ የኤሌክትሪክ ሞገድ መኖሩን በመጀመሪያ ያስታወቀ ሰው ነው። ጀርመናዊው ሐንስ በርገር ደግሞ በ1929 የሰውን አንጎል ሞገድ በወረቀት ላይ መዝግቦ አሳተመ። በዚህ መሣሪያ እየተረዱ በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ አሰሪንስኪና ክላይትማን በ1953 ዓይን በፍጥነት የሚንቀሳቀስበትን የእንቅልፍ ክፍል አገኙ። እንቅልፍ እንዲሁ መደንዘዝ ሳይሆን የራሱ ደረጃዎች ያሉት ሥራ መሆኑ ታወቀ። ኬተን መንገዱን የጀመረለት መሣሪያ የእርሱን ዶሮ ነጋዴ ሕመም ለመግለጥ የበቃው ግን ከ75 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው።

በመካከሉ፣ በ1956፣ አሜሪካዊው ሐኪም ሲድኒ በርዌልና ባልደረቦቹ ስመ ጥር የሆነ ጽሑፍ አወጡ። ሕመምተኛቸው የ51 ዓመት የንግድ ሥራ ኃላፊ ሲሆን ክብደቱ ወደ 120 ኪሎ ይጠጋ ነበር። በሳምንት አንድ ቀን ፖከር የተባለውን የካርታ ጨዋታ ይጫወታል። አንድ ቀን ሦስት አስና ሁለት ንጉሥ ደረሰው፤ ይህ በፖከር የመታደል ያህል ነው። ሰውዬው ግን ካርታውን እንደ ያዘ አንቀላፋና ዕድሉ አለፈው። ከጥቂት ቀናት በኋላም ሆስፒታል ገባ። ለረጅም ጊዜ ሲያንቀላፋ የኖረ ሰው ወደ ሆስፒታል የመጣው ሊያገኝ የነበረውን ገንዘብ ሲያጣ መሆኑ የሚያስተክዝ ነው።

በርዌል ሕመሙን በፒክዊክ መጽሐፍ ስም ሰየመው። ሰውዬውም ክብደቱን ሲቀንስ ተሻለው። ነገር ግን ሐኪሞቹ የመረመሩት በቀን፣ ነቅቶ ሳለ ነበር። በደሙ ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በዝቶ ስላገኙ የሚያስተኛው እርሱ ነው ብለው ደመደሙ። ሌሊት ጉሮሮው እንደሚዘጋ አላዩም። ስለዚህ ትክክለኛ መረጃ ይዘው ወደ ተሳሳተ መደምደሚያ ደረሱ። የታሪክ ተማሪ ሊያስተውለው የሚገባ ነገር ይህ ነው፤ ጥያቄው በተሳሳተ ሰዓት ከተጠየቀ መልሱም ይሳሳታል።

በመጨረሻ ሐኪሞች ሕመምተኛውን ሌሊት ሊጎበኙት መጡ። በ1965 በፈረንሳይ አገር በማርሴይ ከተማ አንሪ ጋስቶና ባልደረቦቹ፣ በጀርመን አገር በፍራይቡርግ ደግሞ ዩንግና ኩሎ፣ አንዱ የሌላውን ሥራ ሳይጠብቅ ሌሊቱን ሙሉ የአንጎልን ሞገድና ትንፋሽን አብረው መዘገቡ። በወረቀቱ ላይ የታየው የዶሮ ነጋዴው ነርስ ያየችው ነገር ነበር። ትንፋሽ ይቆማል፤ አንጎል ለቅጽበት ይነቃል፤ ትንፋሽ ይመለሳል። ቀን የሚያስተኛው መርዝ ሳይሆን በሌሊት የተቆራረጠው እንቅልፍ መሆኑ ተገለጠ።

ጉሮሮ የተበሳበት ዘመን

ምክንያቱ ከታወቀ መድኃኒቱም ይከተላል። መንገዱ የሚዘጋው ከማንቁርት በላይ ከሆነ ከማንቁርት በታች ሌላ በር መክፈት ነው። በ1969 ኩሎና ባልደረቦቹ በአንድ ሕመምተኛ አንገት ላይ ቀዳዳ ከፍተው በቧንቧ እንዲተነፍስ ማድረጋቸውንና መዳኑን አስታወቁ። ቀን ቀን ቀዳዳው ይደፈናል፤ ሌሊት ይከፈታል። በዚሁ ዘዴ ለዓመታት ሲያንቀላፉ የኖሩ ሰዎች በጥቂት ቀናት ውስጥ ነቁ። ኤሊዮ ሉጋሬሲ በሚመራው የቦሎኛ ቡድን በ1972 በጣልያን አገር በሪሚኒ ከተማ ስለዚሁ ሕመም ዓለም አቀፍ ስብሰባ ተደረገ። ይኸው ቡድን በሳን ማሪኖ ከ5700 በላይ ሰዎችን ጠይቆ በ1980 ባወጣው ጽሑፍ፣ ዘወትር በሚያንኮራፉ ሰዎች ላይ የደም ግፊት በብዛት እንደሚገኝ አስታወቀ። ማንኮራፋት ጥሩ እንቅልፍ ነው የሚለው አሳብ ከዚያ ወዲህ ማስረጃ የተነሣበት ነው።

ይሁን እንጂ «ስለሚያንቀላፋ ብቻ የሰው አንገት እንዴት ይበሳል?» የሚለውን ጥያቄ ማለፍ ቀላል አልነበረም። በአሜሪካ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ዊልያም ዲመንት በ1970 የእንቅልፍ ክሊኒክ አቋቁሞ ነበር። ፈረንሳዊው ሐኪም ክርስቲያን ጊይሚኖ በ1972 ከእርሱ ጋር ተቀላቀለ። በዚያን ጊዜ ገደማ አንድ የአሥር ዓመት ልጅ ቀረበላቸው። ልጁ ቀን ያንቀላፋል፤ በዕድሜው ፈጽሞ የማይጠበቅ ከፍተኛ የደም ግፊትም አለበት። ጊይሚኖ ሌሊት ትንፋሹ እየተቋረጠ መሆኑን አይቶ የደም ግፊቱ መነሻ ይኸው ነው አለ። የሕፃናት ሐኪሞቹ ግን የእንቅልፍ ጉዳይ የደም ግፊት ያመጣል ብለው ለመቀበል፣ ይልቁንም የሕፃን አንገት እንዲበሳ ለመፍቀድ አልፈለጉም። በክርክሩ ብዙ ጊዜ አለፈ፤ የልጁም ሁኔታ እየከፋ ሄደ። በመጨረሻ ቀዳዳው ሲከፈትለት የደም ግፊቱ ወረደ፤ ልጁም ነቃ።

በሐኪሞቹ ላይ ለመፍረድ አንቸኩል። የሕፃን አንገት ከመብሳት በፊት ማመንታት ተገቢ ነው። ሊወቀሱ የሚገባቸው በማመንታታቸው ሳይሆን ሌሊት የተመዘገበውን ማስረጃ እንደ ማስረጃ ሳይቆጥሩ በመቆየታቸው ነው።

ጊይሚኖና ባልደረቦቹ በ1976 ባወጡት ጽሑፍ ለሕመሙ ዛሬ የምንጠራበትን ስም ሰጡ፤ መለኪያም አወጡለት። በሰባት ሰዓት እንቅልፍ ውስጥ ቢያንስ 30 ጊዜ፣ በየጊዜውም 10 ሰኮንድና ከዚያ በላይ ትንፋሽ ከተቋረጠ ሕመሙ አለ ማለት ነው አሉ። ከዚያ ወዲህ ሐኪምና ሕመምተኛ የሚነጋገሩበት ቍጥር ተገኘ።

የአቧራ መምጠጫው ሞተር

አንገት ሳይበሳ የሚፈውስ ዘዴ የተገኘው በአውስትራልያ ነው። ኮሊን ሱሊቫን የተባለ የሲድኒ ሐኪም ቀደም ሲል በካናዳ በቶሮንቶ ከተማ ውሾች ተኝተው ሳለ ስለሚተነፍሱበት ሁኔታ አጥንቶ ነበር። ለውሾቹ ከተሠራው ጭምብል አንድ አሳብ መጣለት። በአፍንጫ በኩል አነስተኛ ግፊት ያለው አየር ያለማቋረጥ ቢነፋ፣ ነፋስ ድንኳንን ወጥሮ እንደሚይዝ ሁሉ አየሩ የላላውን ጉሮሮ ከፍቶ ሊይዘው ይችላል አለ።

በሰኔ ወር 1980 አንገቱ እንዲበሳ የተወሰነለት አንድ ሕመምተኛ መበሳቱን ስላልወደደው ለአንድ ሌሊት አዲሱን ዘዴ ለመሞከር ፈቀደ። መሣሪያው የተሠራው ከቤት አቧራ መምጠጫ ማሽን ሞተር ነበር፤ አየር መምጠጡ ቀርቶ እንዲነፋ ተደርጎ ማለት ነው። ጭምብሉም በማጣበቂያ ከአፍንጫ ጋር ይያያዝ ነበር። ሞተሩ ተነሣ፤ ሰውዬው ተኛ፤ ትንፋሹ አልተቋረጠም። በማግሥቱ ነቅቶ፣ ረክቶ ተነሣ። በ1981 ሱሊቫንና ባልደረቦቹ በላንሴት መጽሔት ስለ አምስት ሕመምተኞች ጻፉ። ለመክፈት የሚያስፈልገው ግፊት ከ4.5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር የውሃ ከፍታ ብቻ ነበር። ይህም «ሲፓፕ» እየተባለ የሚጠራው፣ ዛሬም ዋና ሕክምና የሆነው መሣሪያ ነው።

ማሽኑ ከተገኘ በኋላም

መድኃኒት ከተገኘ ችግሩ ያበቃል ብሎ የሚያስብ አንባቢ ይኖር ይሆናል። ነገሩ እንዲህ አልሆነም። በአሜሪካ በዊስኮንሲን ክፍለ ግዛት ቴሪ ያንግና ባልደረቦችዋ ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 60 የሆነ 602 የመንግሥት ሠራተኞችን ሌሊት አስተኝተው መረመሩ። ውጤቱም በ1993 ወጣ። ከወንዶቹ 24 በመቶ፣ ከሴቶቹ 9 በመቶ ትንፋሻቸው በሰዓት አምስት ጊዜና ከዚያ በላይ ይታወክ ነበር። ይህ ብቻ ሳይሆን ቀንም የሚያንቀላፉት ከወንዶች 4 በመቶ፣ ከሴቶች 2 በመቶ ሆኑ። ይኸው ቡድን በ1997 ባወጣው ግምት መካከለኛና ከባድ ሕመም ካለባቸው ወንዶች 82 በመቶው፣ ከሴቶችም 93 በመቶው ሕመማቸው በሐኪም ተለይቶ አልታወቀም ነበር። ማሽኑ ከተገኘ 16 ዓመት አልፎት ነበር ማለት ነው።

ሴቶቹ ለምን ይበልጥ ተረሱ? አንደኛው ምክንያት የዲክንስ ጆ ነው ብንል አንሳሳትም። ሐኪሙ በአእምሮው የሣለው ወፍራም፣ የሚያንኮራፋ ወንድ ነው። ሴቶች ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚያስረዱት ድካምን፣ እንቅልፍ ማጣትን፣ የጧት ራስ ምታትንና የመንፈስ መጨነቅን ነው። ስለዚህ ምልክቱ ለሌላ ሕመም ይሰጣል። ቀጭን የሆኑ ሰዎችም በዚሁ ሕመም ሊያዙ እንደሚችሉ መዘንጋት የለበትም።

ችግሩ ዛሬም ሰፊ ነው። በ2019 የወጣ አንድ ጥናት ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 69 ከሆኑ የዓለም ሕዝቦች መካከል 936 ሚሊዮን ያህሉ ቀላልም ሆነ ከባድ የእንቅልፍ ትንፋሽ መቋረጥ እንዳለባቸው ገምቷል። ሕክምና ያላገኘ ሕመም ከደም ግፊትና ከልብ ሕመም ጋር የተያያዘ ከመሆኑም በላይ፣ መሪ ይዞ የሚያንቀላፋ ሾፌር የራሱንም የተሳፋሪዎቹንም ሕይወት ለአደጋ ያጋልጣል።

ይሁን እንጂ ተስፋ የሚሰጥ ነገርም አለ። በ1991 ሙሬይ ጆንስ የተባለ የሜልቦርን ሐኪም ስምንት ጥያቄዎች ያሉት የእንቅልፋምነት መለኪያ አወጣ። ሲያነቡ፣ ከሰው ጋር ተቀምጠው ሲነጋገሩ፣ ቆሞ ባለ መኪና ውስጥ ሆነው ምን ያህል እንደሚያንቀላፉ እያንዳንዱን ከ0 እስከ 3 በቍጥር ይመልሳሉ። በ2008 ደግሞ ፍራንሲስ ቹንግ የተባለች የቶሮንቶ ሐኪምና ባልደረቦችዋ አራት አጫጭር ጥያቄዎች አቀረቡ። በኃይል ያንኮራፋሉ? ቀን ይደክምዎታል? ሲተኙ ትንፋሽዎ ሲቋረጥ ያየ ሰው አለ? የደም ግፊት አለብዎ? ከአራቱ ሁለቱ «አዎን» ከሆኑ ሕመሙ ሊኖር ይችላልና ምርመራ ያስፈልጋል። ሦስተኛውን ጥያቄ እንመልከት። የባልደረባችን ባለቤት ሳይጠየቁ የተናገሩት ቃል ይኸው ነው። የሌሊቱ ምስክር ከረጅም ዘመን በኋላ በሐኪሙ ወረቀት ላይ ቦታ አገኘ።

ተማሪውስ?

እስካሁን የተናገርነው ይበልጡን ስለ አዋቂዎች ነው። መምህራንን በቀጥታ የሚመለከተው ግን የልጆች ጉዳይ ነው። ዶሮ ነጋዴው በታወቀበት በዚያው በ1889 ዊልያም ሂል የተባለ ሐኪም በብሪታንያ የሕክምና መጽሔት ላይ እንደ ጻፈው፣ ደካማና ደደብ ይባሉ ከነበሩት ልጆች አንዳንዶቹ ከአፍንጫ በስተኋላ ያለው የአየር መንገዳቸው የተደፈነ ነበር፤ መንገዱ ሲከፈትላቸውም ለውጥ አሳይተዋል። ይህም እንደ ዶሮ ነጋዴው ታሪክ ለረጅም ጊዜ ተረሳ።

ጊይሚኖና ባልደረቦቹ በ1976 ስለ ስምንት ልጆች ሲጽፉ መጠርጠሪያ ምልክቶቹን ዘረዘሩ። እነርሱም ቀን ማንቀላፋት፣ በትምህርት ወደ ኋላ መቅረት፣ የጠባይ መለወጥ፣ ትቶት የነበረውን አልጋ ላይ መሽናት እንደገና መጀመርና የጧት ራስ ምታት ናቸው። ከእነዚህ አንዱ እየተቋረጠ ከሚሰማ ከባድ ማንኮራፋት ጋር ከተገኘ ልጁ ሊመረመር ይገባል አሉ። በልጆች ላይ ዋናው ምክንያት ብዙውን ጊዜ ያበጠ ቶንሲልና አዴኖይድ ነው። አዋቂ ሲደክመው ያንቀላፋል፤ ልጅ ግን አንዳንድ ጊዜ በተቃራኒው ይቅበጠበጣል፣ ይረብሻል፣ ልቡ ይበተናል።

በ1998 ዴቪድ ጎዛል የተባለ ሐኪም ያወጣው ጥናት ለእኛ ለመምህራን ልዩ ትርጉም አለው። በአሜሪካ በአንደኛ ክፍል ከሚማሩት መካከል በውጤታቸው መጨረሻ ላይ የተገኙ 297 ልጆች ሌሊት ተመረመሩ። ከእነዚህ ውስጥ 54ቱ፣ ማለትም 18 በመቶ ያህሉ፣ በእንቅልፍ ላይ የትንፋሽ ችግር ተገኘባቸው። የ24ቱ ወላጆች ቶንሲልና አዴኖይዳቸው እንዲወጣ ፈቀዱ፤ የ30ው አልፈቀዱም። በሚቀጥለው ዓመት የታከሙት ልጆች አማካይ ውጤት ከ2.43 ወደ 2.87 ከፍ አለ። ያልታከሙት ግን ለውጥ አላሳዩም።

ነገሩን እንዳናጋንን በ2013 የወጣውንም ጥናት እንጥቀስ። ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 9 የሆኑ 464 ልጆች በዕጣ ለሁለት ተከፍለው ግማሾቹ ወዲያው ቀዶ ሕክምና አገኙ፤ ግማሾቹ በክትትል ቆዩ። ከሰባት ወር በኋላ በትኩረት ፈተና ሁለቱ ወገኖች ብዙም አልተበላለጡም። በጠባይ፣ በሕመም ምልክትና በኑሮ ደኅንነት ግን የታከሙት ተሻሉ። የሌሊት ትንፋሻቸው የተስተካከለላቸው ከታከሙት 79 በመቶ፣ በክትትል ከቆዩት 46 በመቶ ነበሩ። እንግዲህ ቀዶ ሕክምና ሰነፍን ጎበዝ የሚያደርግ ተአምር አይደለም። ለሁሉም ልጅ የግድ አስፈላጊም አይደለም። ምርመራው ግን ለሚያስፈልገው ልጅ ሊነፈገው አይገባም።

ከታሪኩ ምን እንማራለን?

ብዙ ጊዜ ለተማሪዎቻችን የሳይንስ ታሪክ ስናስተምር መሣሪያ ሲፈለሰፍ ዕውቀት እንደሚገኝ አድርገን እንተርካለን። ይህ ታሪክ ግን የተለየ ነገር ያሳያል። የሚያንኮራፋን ሰው ለመስማት መሣሪያ አያስፈልግም፤ ከጎረቤት ክፍል እንኳ ይሰማል። ሕመሙ ድብቅ አልነበረም። የሰማችው ሚስት፣ ያየችው ነርስ፣ የጠረጠረች እናት በየዘመኑ ነበሩ። መሣሪያው ያደረገው ነገር ቢኖር የእነርሱን ቃል በወረቀት ላይ አስፍሮ ሐኪሙ እንዲያምነው ማድረግ ነው።

ለተማሪዎቻችን የምንለው ይህ ነው። የታሪክ ምንጭ ስትመረምሩ «ማን ጻፈው?» ብቻ ሳይሆን «በቦታው ተገኝቶ ያየ ሳለ ያልተጠየቀ ማን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። በቤታችሁም አባታችሁ ወይም እናታችሁ ሲያንኮራፉ ትንፋሻቸው እንደሚቋረጥ ከሰማችሁ አትሳቁ። ስንት ጊዜ እንደ ተቋረጠ፣ ምን ያህል እንደ ቆየ ጽፋችሁ ሐኪም ዘንድ ይዘው እንዲሄዱ ንገሯቸው። በቍጥር የተጻፈ ነገር በቃል ከተነገረው ይልቅ ይሰማል።

ለመምህራን ደግሞ እንዲህ እንላለን። በክፍል ውስጥ የሚያንቀላፋ ተማሪ ሰነፍ ሊሆን ይችላል፤ ሥራ በዝቶበት ያመሸ፣ የተራበ ወይም የታመመም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከመቅጣታችን በፊት ወላጁን አስጠርተን «ልጅዎ ሌሊት እንዴት ይተኛል?» ብለን እንጠይቅ። ጥያቄው አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

ባልደረባችን በአራተኛው ጊዜ የገጠማቸው ሐኪም ባለቤታቸውን ወንበር ስቦ አስቀመጣቸውና «እስቲ እማማ፣ ሌሊት የሚያዩትን ሁሉ ከመጀመሪያው ይንገሩኝ» አላቸው። እርሳቸውም ነገሩት። ከዚያ በኋላ ምርመራው ተደረገ፤ ሕመሙም ታወቀ። ዛሬ መምህሩ ክብደታቸውን ቀንሰው፣ ዘመድ ከውጭ አገር ባመጣላቸው መሣሪያ እየተረዱ ይተኛሉ። በስብሰባ ላይም አያንቀላፉም። አሁን የምናፍረው በእርሳቸው የሳቅን እኛ ነን፤ ይህን ጽሑፍም በይቅርታ መልክ እንዲቀበሉን እንለምናቸዋለን።